ቢላ ከነካው ይበተናል

ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ
መስከረም 28 ቀን 1976 ዓ.ም.

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም።

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሙሐዲን፣ ላይፕዚግ። በአገርህም በሰው አገርም የሚጠብቅህ አላህ ነው፤ እሱ አይለይህ። የዚያ አገር ብርድ አጥንት ይሰብራል ብለህ ከጻፍክልኝ ወዲህ ዱዓ ሳደርግልህ ብርዱንም አልረሳውም።

ነገሬን ሳላስረዝም ልንገርህ። እናትህ ባህሪያ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታለች። ጀንፈል ቡና፣ ያልተፈለፈለውን ማለቴ ነው፣ እሱን ያህላል። አያማትም። ሲነኩት ግን እንደ ጠጠር ድርቅ ያለ ነው። ለማንም እንዳትነግሪ ብላ አስምላኛለች፣ በተለይ ለአንተ። መሐላዬን አፈረስኩት፤ ለአላህ መልስ የምሰጠው እኔ ነኝ፣ አንተ በዚህ አትጨነቅ።

አንተ ሐኪም ለመሆን ከሄድክ አራት ዓመትህ ነው። እንዲህ ያለውን የሚያሟሟ ቅባት ወይም ክኒን በእናንተ ዘንድ ካለ በሚመጣ ሰው ላክልኝ። መቁረጥ የሚባለውን ግን አፍህ ላይ እንዳታመጣው። ቢላ ከነካው ይበተናል። ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ጅማ ሁሉ ይለዋል።

ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ይልሃል። ያለፈው ፖስታህ ተከፍቶ፣ እንደገና በሙጫ ተለጥፎ ነው የደረሰኝ። መንገድ ላይ ለሚያነበው ሰውም ሰላምታዬን ንገርልኝ።

አዳዳህ ሐጂራ አባ ገሮ

*

ላይፕዚግ
ኅዳር 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ፣ ለአባቴ እህት ለወ/ሮ ሐጂራ አባ ገሮ፣

በቅድሚያ አብዮታዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የእርስዎና የእማዬ ጤና ለእኔ ከሁሉ በላይ ነው፤ አላህ ዕድሜያችሁን ያርዝምልኝ።

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ማደሪያችን በር ላይ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ በኋላ ትምህርት ክፍል መግባት አልቻልኩም። አዳዳዬ፣ ቅባት የለም። ክኒንም የለም። ያለው መድኃኒት መቁረጥ ነው፣ ያውም ዛሬ ነገ ሳይባል። እማዬ ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ ሳምንት ሐኪም ትይ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ትሂድ።

ቢላ ከነካው ይበተናል የሚባለው የገበያ ወሬ ነው። እንዲህ የሚል አንድም ሐኪም በዓለም ላይ የለም። ማስረጃ ከፈለጉ ደግሞ እቤትዎ ውስጥ አለ። ረሺዳስ? በ1973 አዲስ አበባ ሄዳ ይህንኑ እብጠት ተቆርጣ ድና የለም ወይ? ያኔም ሁላችሁም ስትፈሩ ስድስት ገጽ ጽፌ የለመንኳችሁ እኔ ነኝ። ትቆረጥ አልኩ፣ ተቆረጠች፣ ይኸው ደህና ናት። ልጅዎ ከእማዬ ጋር ትቀመጥና ጠባሳዋን ታሳያት፣ ከእኔ ደብዳቤ ይልቅ እሱ ያሳምናታል።

ረሺዳን ሰላም በሉልኝ። ሰው በሦስት ዓመት አንድ ደብዳቤ አይጽፍም ወይ በሏት።

ሙሐዲን

*

ጅማ
ታኅሣሥ 16 ቀን 1976 ዓ.ም.

ቢስሚላህ።

ለልጄ ለሙሐዲን። አብዮታዊ ሰላምታህ ደርሶኛል። የሰው ሰላምታ አልቆብህ ከሆነ እኔ ልላክልህ፣ አሰላሙ አለይኩም። አላህ እውቀትህን ይባርክልህ፣ ከእውቀትህ ጋር ደግሞ ትንሽ መጠራጠር ይስጥህ።

አንድም ሐኪም እንዲህ አይልም አልክ። ዓምደሚካኤል የሚባል የጤና ረዳት አለ፣ ቦሳ አዲስ የሚኖር፣ ሰው የማይዋሽ ልጅ ነው። ሄጄ ጠየቅኩት። እንዲህ አለኝ፦ «ትልልቆቹ ሐኪሞችም ይህን ይፈራሉ፣ መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ፣ እብጠቱ ሲነካካ ዘሩ በደም ይሄዳል የሚል አለ።» ታዲያ ማንን ልመን? አንተ ስትሄድ እንዲህ በእርግጠኝነት የምትናገር ልጅ አልነበርክም። እዚያ ጻፍ ተብለህ ነው የምትጽፈው?

ሌላም አለ። ቡናችንን የሚጠብቀውን ሸኩርን ታውቀዋለህ። ሣር ሲመነጥር ገጀራው ግንዱን የቧጨረው ቡና በዓመቱ ይደርቃል። በዚያው ገጀራ ቀጥሎ የነካውም ይደርቃል። በኋላ የቡና ምርምር ሰዎች መጡና ከዛፍ ወደ ዛፍ ስትሄድ ገጀራህን በእሳት አሳልፍ አሉት። እስኪ ንገረኝ፣ እናንተ ዘንድ ሐኪሙ ቢላውን በእሳት ያሳልፋል? ብረት በሽታ ተሸክሞ እንደሚሄድ እኛ የቡና ሰዎች ተምረን አይደለም የምናውቀው፣ ዛፋችን አልቆ ነው።

ረሺዳ አሁን እዚህ የለችም። አጋሮ ናት። ጠባሳ የማሳየቱን ነገር ተወው።

እናትህ ደህና ናት፣ ሽሮ ትወቅጣለች፣ ከእኔ ጋርም ትጨቃጨቃለች። ቅባቱን አትርሳ።

አዳዳህ ሐጂራ

*

ላይፕዚግ
ጥር 22 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ፣

አሰላሙ አለይኩም ወረሕመቱላህ። አላህ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውራችሁ።

ቅባቱን ደግመው ጠየቁኝ። የለም ብዬዎታለሁ። ስለ ገጀራው ደግሞ፣ የሐኪም ቢላ በእንፋሎት ይቀቀላል፣ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይወስድም። ይህ በሽታ ደግሞ ከውጭ የሚገባ አይደለም፣ የራሷ የእማዬ ሥጋ ነው መንገዱን የሳተው። ደግሞስ ሸኩር የደረቀውን ቡና አይነቅለውም? እንዲሁ ቆሞ ይተወዋል?

ግን አዳዳዬ፣ አሁን የምጽፈው ስለ ቢላ ብቻ አይደለም። አንድ ነገር ከነከነኝ። ረሺዳ ስሄድ ጀምሮ በየሁለት በየሦስት ወሩ ትጽፍልኝ ነበር። ከተቆረጠች ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈችም። «ሰላም ትልሃለች» የሚለው ሁልጊዜ በእርስዎ ጽሕፈት ነው። አሁን ደግሞ አጋሮ ናት አሉኝ። አጋሮ ምን ታደርጋለች? ተጣላችሁ? እኔን ተቀይማኝ ነው? ወይስ እማዬን እንዳታበረታታት ሆን ብለው አራቋት?

ያልኩት ድፍረት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ግን አባቴ ከሞተ ጀምሮ በዚያ ግቢ ውስጥ የእርስዎ ቃል ነው የሚጸናው። እናቴ ራሷ ምን ትላለች? ቃሏን እንደ ወረደ ይጻፉልኝ።

ሙሐዲን

*

ጅማ
መጋቢት 5 ቀን 1976 ዓ.ም.

አላህ ይምራህ።

የእናትህ ቃል እንደ ወረደ ይኸውልህ፦ «እኔ ልጄን ሳላይ አልሞትም፣ ለምን ነገርሽው?» አለች። ሌላ ያለችው የለም።

የኔ ጌታ፣ ከዚህ ግቢ ሰው አራቅሽ ብለህ ጻፍክልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ይህን ካንተ ሰማሁ። አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። ይሁን።

ግን ስለ ዓምደሚካኤል ያልኩህን ዘለልከው። ስለ ገጀራ መለስክ፣ ስለ ቢላ መቀቀል መለስክ፣ ስለ ረሺዳ አራት ጥያቄ ጠየቅክ፣ እሱን ግን ዘለልከው። ሕፃን ሳለህም የሰበርከውን ዕቃ አልፈህ ስለ ሌላው ነበር የምታወራው። በል አሁን ማልልኝ። «አንድም ሐኪም እንዲህ አይልም» ያልከውን በቁርኣን ማልልኝ፣ እናትህን ነገ አውቶቡስ ላይ አሳፍራታለሁ።

እብጠቱ አድጓል። ትንሽ ሎሚ ያህላል።

ሐጂራ

*

ላይፕዚግ
ሚያዝያ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ፣

ሰላም ለእርስዎ፣ ሰላም ለእማዬ። ስላስቀየምኩዎ እግርዎ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ልምልልዎ አልቻልኩም። ቁርኣኑን አወጣሁና መልሼ አስቀመጥኩት።

የጤና ረዳቱ እውነቱን ነው። እዚህ ቀዶ ጥገና የሚያስተምሩን ሽማግሌ ሐኪም አሉ። በቀደም ለት አንዲት ሴት ስትቆረጥ ቆመን ስናይ አንዱ ተማሪ እብጠቱን በጣቱ ጫን ጫን ሲያደርግ እጁን መቱት። «አትጭመቀው! ዘሩን ወደ ደሟ ትልክብኛለህ» አሉት። መጀመሪያ የደም ሥሮቹን ያስራሉ፣ ከዚያ ነው የሚያወጡት። በኋላ ጠየቅኳቸው። ቁስሉ ራሱ፣ መቆረጡ ራሱ በሽታውን ይቀሰቅስ እንደሆነ የሚከራከሩ ሐኪሞች አሉ አሉኝ፣ እስከ ዛሬም አልተቋጨም። እኔ ይህን አውቅ ነበር። ለእርስዎ አልጻፍኩም፣ ምክንያቱም ከነገርኩዎ እማዬን አያስቆርጧትም ብዬ ሰጋሁ። ዋሸሁዎት።

ግን እኚያ ሐኪም ያን ሁሉ ብለው ሴትዮዋን ቆረጧት እንጂ አልተዉአትም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው ትቼ ያዳንኩት ሰው የለም አሉኝ።

አሁን እኔ ሐቁን ተናግሬያለሁ። የእርስዎ ተራ ነው። ረሺዳ በእጇ ሁለት መስመር ትጻፍልኝ። ሰላም አትበለኝ፣ ትስደበኝ፣ ብቻ በእጇ ትጻፈው። ጽሕፈቷን አውቀዋለሁ። ያ ካልመጣ ከዚህ በኋላ ከጅማ የሚመጣልኝን ቃል ሁሉ አላምንም።

ሙሐዲን

*

ጅማ
ግንቦት 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ሙሐዲን፣ ብቻህን ከሆንክ ይህን አታንብብ። የምታምነው ሰው ጥራና አጠገብህ ይቀመጥ። ያገርህ ልጅ ካለ ያገርህ ልጅ፣ ከሌለም ፈረንጅ ቢሆን ሰው ነው። ጠራህ?

ረሺዳ የለችም። ልጄ ሞታለች። ጥር 7 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ አርብ ነው የሞተችው። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

በሰኔ ቆረጧት። በመስከረም ጠባሳዋ ላይ እንደ ሽምብራ ሆኖ ወጣ። በኅዳር ሳል ጀመራት። በጥር ቀበርናት። አጋሮ ናት ያልኩህ መቃብሯ እዚያ፣ አባቷ አጠገብ ስለሆነ ነው።

መርዶ በደብዳቤ አይላክም፣ ይህን አንተም ታውቃለህ። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ የሚይዝህ ሰው ግራና ቀኝ ተቀምጦ ነው የሚነገረው። አንተን እዚያ ማን ይይዝሃል? ትምህርቱን ጨርሶ ሲመጣ፣ አውቶቡሱ ሳይገባ እንቀበለውና እንነግረዋለን ተባባልን። ሽማግሌዎቹም እንዲሁ አሉ። እናትህም እንዲሁ አለች። ከዚያ ደብዳቤህ መጣ፣ «ረሺዳን ሰላም በሉልኝ» ይላል። ምን ልጻፍ? በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ኖሯል? ሰላም ትልሃለች ብዬ ጻፍኩ። አንዴ ከጻፍኩት በኋላ እያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ መጻፍ ነበረብኝ። ልጄን በየሦስት ወሩ በገዛ እጄ ሰላም አስባልኳት።

ከነገርኩህ አይቀር ይህንንም ስማ። ተቀይሜህ ነበር። ስድስት ገጽህ ሣጥኔ ውስጥ አለ። አንዳንድ ቀን አወጣውና ልጄን ያስቆረጠው ይህ ልጅ ነው እላለሁ። ደግሞ ያንተኑ የልጅነት ጽሕፈት ሳይ አለቅሳለሁ፣ ወደሃት እንጂ ጠልተሃት አይደለም። ከዚያ አንተ ተነሥተህ «ማስረጃው እቤትዎ ውስጥ አለ» ትለኛለህ። ያ ረቢ! ያን ቀን ደብዳቤህን ይዤ ኩሽና ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

እናትህን ለምን አላስቆርጥም እንዳልኩ አሁን ገባህ? ሁለተኛ አልሞክረውም።

ሐጂራ

*

ላይፕዚግ
ሰኔ 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

አዳዳዬ፣

አላህ ለእርስዎ ጽናቱን ይስጥዎ፣ ለረሺዳ ጀነት።

አብተውን ጠራሁት፣ አብሮኝ የሚማር የጎጃም ልጅ ነው። እሱ ነው ያነበበልኝ። ሦስት ቀን ከአጠገቤ አልተነሣም። ደሮ ልሥራ ብሎ አቃጠለው። እኔ የማለቅሰውን አልቅሼ ሳበቃ እሱ ጀመረ፣ እሱም ከአገር ቤት የሚደርሰውን ደብዳቤ መጠርጠር ጀመረ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። መልሱን እፈራዋለሁ፣ ግን ሳላውቀው መኖር አልችልም። ረሺዳ ከመቆረጧ በፊት፣ ቢላ ሳይነካት፣ ብብቷ ሥር ምን ነበር? በጣት ሲዳሰስ የሚገኝ ጠጠር ነገር ነበር? ሳትቆረጥም ገላዋን የሚያጥቧት እርስዎ ነበሩ፣ ያውቃሉ። ከነበረ በሽታው ቢላው ሳይደርስ ቀድሞ ሄዷል ማለት ነው። ካልነበረ ግን አላውቅም። ስድስት ገጼ ገድሏት ከሆነ ይንገሩኝ። ከእንግዲህ አይደብቁኝ።

መልሱ ያም ሆነ ይህ የእማዬን ብብት ይዳስሱ። ባዶ ከሆነ ዛሬውኑ ትሂድ። ቢላው ይበትን ይሆናል፣ አልምልም። ሳይነካ የተተወው ግን መበተኑ አይቀርም፣ በዚህ እምላለሁ። ቁርኣኑን ይዤ ነው የምጽፈው።

ሙሐዲን

*

ጅማ
መስከረም 19 ቀን 1977 ዓ.ም.

ቢስሚላህ። እንኳን ለዘመን መለወጫው አደረሰህ፣ ልጄ።

ለጥያቄህ መልሱ፣ ነበረ ነው። ሦስት ነበሩ። ገላዋን ሳጥባት በጣቴ ቆጥሬያቸዋለሁ። ቢላ ያያት ከዚያ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ እብጠቱ ከወጣ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። እኔና እሷ ብቻ ነበርን የምናውቀው። ኒካ የምታስርበት ቀን ቀርቦ ነበር፣ «እማ፣ ከተሰማ ይተወኛል» አለችኝ፣ እኔም ዝም አልኩላት። ያን ስምንት ወር ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለእናትህም፣ ለሽማግሌም። ዕዳውን ሁሉ ቢላው ላይ ጥዬ ተቀምጬ ነበር። ያንተ ስድስት ገጽ አልገደላትም። ይህን በደንብ አንብበው።

ሸኩርንም ጠየቅኩት። ገጀራ ያልነካውም ቡና ይደርቃል ወይ አልኩት። «ይደርቃል እንጂ፤ ቅጠሉ ሲጠወልግ እኮ ግንዱ ውስጥ ከገባ ቆይቷል» አለኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም ስለው «መቼ ጠየቁኝ?» አለ።

ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት የእናትህን ብብት ዳሰስኩ። ምንም አጣሁ። ቀበሌ ሄጄ የይለፍ ወረቀት ጠየቅኩ፣ ዘጠኝ ቀን አመላለሱኝ። ከዚያ አዲስ አበባ ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ካንተ ብዙ አይበልጥም። «እጅህ ቀላል ነው?» አልኩት። ሳቀ። «አትሳቅ፣ የምትጨምቃት ከሆነ ይዣት እሄዳለሁ» ስለው «እማማ፣ እጠነቀቃለሁ፣ ይድናሉ ብዬ ግን ቃል አልገባም» አለኝ። ቃል ቢገባልኝ ኖሮ በዚያው አውቶቡስ ነበር የምመለሰው። አስገባኋት።

ነሐሴ 12 ቀን ቆረጧት። አሁን ቤት ናት። ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች።

አዳዳህ ሐጂራ

*

ላይፕዚግ
ኅዳር 10 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለተከበሩ አዳዳዬ፣

አላህ ውለታዎን ይክፈልዎ። ስለ ስምንቱ ወር የጻፉልኝን አብተው እንኳ አላየውም፣ ከእኔ ጋር ይቀራል።

ደብዳቤዎን ሳነብ ደስ አለኝ። ማታውን ግን የድሮ ደብዳቤዎችን አወጣሁ። «ደህና ናት፣ ሰላም ትልሃለች።» ይህንኑ ቃል በመጋቢት 1974 ስለ ረሺዳ ጽፈውልኛል፣ ከተቀበረች በሁለተኛ ወሯ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አድርጌ አየኋቸው። ቃሉ አንድ ነው፣ እጁም አንድ ነው። አዳዳዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ማመን አልቻልኩም። እማዬ ኦፕራሲዮን ክፍል ቀርታ እንደሆነስ? አሁንም ትምህርቱን ይጨርስ ተባብላችሁ እንደሆነስ? ስልክ ለመደወል ሁለት ቀን ፖስታ ቤት ተቀመጥኩ፣ መስመሩ አዲስ አበባ ደርሶ ይቋረጣል።

ፎቶ ትነሣና ላኩልኝ። የድሮ ፎቶ እንዳይሆን ቀኑ የሚታይ ጋዜጣ በእጇ ይዛ ትነሣ። ይህን መጻፌ ያሳፍረኛል፣ ግን ጻፍኩት።

ሙሐዲን

*

ጅማ
ታኅሣሥ 25 ቀን 1977 ዓ.ም.

በአላህ ስም።

ለልጄ ለሙሐዲን፣ አላህ ልብህን ያሳርፍልህ።

ጋዜጣ ያዥና ፎቶ ተነሺ ስላት እናትህ «ምን ሰርቄ ነው?» አለች። እኔም አልጎተጎትኳትም። ፎቶ ምን ያደርግልሃል? እጅህ እስኪገባ ወር ይሞላዋል፣ በወር ውስጥ ስንት ነገር ይሆናል ብለህ እንደገና ትጀምራለህ። አውቅሃለሁ። ጥፋቱም ያንተ አይደለም። እንዲህ ያደረግንህ እኛ ነን።

ስለዚህ መልካሙንም ክፉውንም ልንገርህ። በግራ ክንዷ ዕቃ አታነሣም፣ አብጧል። ጠባሳው ሲበርዳት ይቆጠቁጣታል። ሐኪሙ ብብቷን ከፍቶ ሲያይ እኔ ያልዳሰስኳትን አንዲት ፍሬ አግኝቶ አውጥቷል። ባለፈው ያልጻፍኩልህ እሷን ነው። ይመለሳል ወይ ስለው አላውቅም አለኝ። እኔም አላውቅም። በየጁምዓው ጠባሳዋን፣ አንገቷን፣ ሁለቱንም ብብቷን በጣቴ እዳስሳለሁ። እስካለፈው ጁምዓ ምንም የለም። ካገኘሁ በዚያው ቀን እጽፍልሃለሁ።

ደግሞ ይህን ስማ። ወላሂ ብዬ ነው የምጽፈው። እናትህ የሞተች ዕለት፣ ከእኔ በፊት ከሞተች፣ ከቀብር መልስ ተቀምጬ እጽፍልሃለሁ። ሽማግሌ አልሰበስብም፣ ትምህርትህን እስክትጨርስም አልጠብቅም። ጅማ ሁሉ ነውር ነው ይለኛል፣ ይበለኝ። «ባህሪያ ሞታለች» ብዬ እጽፋለሁ፣ ሌላ ቃል አልጨምርም። አብተውን ጠርተህ ታነበዋለህ። ያን ደብዳቤ እስክታገኝ ድረስ ግን ደህና ናት ካልኩህ ደህና ናት።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። እስከዚህ ድረስ ያለውን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ የመሞቷንም ጭምር። ይከፋት ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን «እሱን አትሰርዢው፣ እንደዚያው ላኪለት» አለችኝ።

ዛሬ ደህና ናት።

አዳዳህ ሐጂራ አባ ገሮ